ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ

ካሳው ፍሬንን አላውቀውም የሚል የቆቦ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ በዕድሜው ታሞ አያውቅም ወይ ይዋሻል። በዚያ በደርግ ጊዜ ከሮቢት እስከ ዋጃ ሳል የጠናበት፣ ከግመል የወደቀ፣ በዱላ ክንዱ የተሰበረ ሁሉ እሱ ፊት ቆሞ «ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ፣ እንዳትነቃነቅ» ተብሏል። የአባቱ ስም ይሁኔ ነው፤ ካሳው ይሁኔ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የሚያሳያችሁ አታገኙም ነበር። ፍሬን ያልነው እኛው ነን። ለምን እንዳልነው ልንገራችሁ። እግረ መንገዴንም ያስለቀሰኝን፣ ያሳቀኝን፣ እስከ ዛሬም ሳስበው ደሜን የሚያፈላውን ነገር አወራችኋለሁ። እኔ ታንጉት ንዴቴ ቅርብ ነው፤ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ምስክሮቼ ናቸው።

ካሳው የራጅ ባለሙያ ከመሆኑ በፊት የከባድ መኪና ረዳት ነበር። በአስመራ መንገድ ስድስት ዓመት ተመላልሷል። ሥራው ታኮ መወተፍ ነው፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር እንጨቱን ይሸጉጣል። ከመንገዱ ሁሉ የሚፈራው ከማይጨው መጥቶ ወደ አላማጣ የሚወርደውን የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ነበር። ሾፌሩ ፍሬን እየረገጠ ሲወርድ ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣል፣ ሽታው ጉሮሮ ይከረክራል። ታች ሜዳው ላይ ሲደርሱ መኪናውን አቁመው፣ ሳሩ ላይ ተቀምጠው ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። «ያልጠበቁትን ገደል ውስጥ አይቻቸዋለሁ» ይል ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ቆቦ አካባቢ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ የመጡ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ለሠራተኞቻቸው ክሊኒክ ከፈቱና የራጅ ማሽን ከምጽዋ አስጭነው አመጡ። የጫነው የካሳው መኪና ነው። የማሽኑ ቱቦ ለብቻው በእንጨት ሣጥን፣ በጭድ ተጠቅጥቆ ነበር የመጣው፤ ከተሰበረ ሌላ የለም ተብሎ ተነግሯቸዋል። ካሳው ያንን ሣጥን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ግራ ካሕሱን ወረደ። ቆቦ ሲደርሱ ማሽኑን የሚተክለው መካኒክ ዕቃ የሚያቀብለው ሰው ፈለገ። ካሳው «አንድ ቀን ልርዳው» ብሎ ወረደ፤ መኪናው ሄደ፤ እሱ ቀረ። ቆፋሪዎቹ ትጋቱን አይተው ዘጠኝ ወር አዲስ አበባ ልከው አስተማሩት። አብዮቱ ሲፈነዳ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱም ማሽኑን፣ ጄኔሬተሩንና ካሳውን ትተውልን ሄዱ።

ታዲያ ይህ ሰው አራት አምስት ሰው ካነሣ በኋላ ድንገት ቀጥ ይላል። ከክፍሉ ወጥቶ ደረጃው ላይ ይቀመጥና «ፍሬኑ ይቀዝቅዝ» ይላል። በቃ፤ ሰማይ ቢደፋ አይነሣም። ሰዉ ይጮኻል፣ ይራገማል። አንድ ጊዜ ከአፋር በኩል የመጣ ባለግመል «ግመሎቼን ፀሐይ ላይ አቁሜ!» ብሎ ቢያፈጥጥበት «እነሱም ይረፉ» አለው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሳይቀር «ጓድ ካሳው፣ የሰፊውን ሕዝብ ጊዜ ታባክናለህ» ብለው ገስጸውታል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቱቦዋ ከተሰነጠቀች ለሰፊው ሕዝብ ሌላ ያመጡለታል?» አላቸው። ሊቀመንበሩ ሄደው ከተሰለፈው ሰው ኋላ ቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሳው ፍሬን ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። በ1972 ዓ.ም. መስከረም ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወልድያ ሄጄ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ደሴ መምህራን ማሠልጠኛ እንድገባ ተመርጬ ነበር። ከሰፈራችን የተመረጥኩት ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ እናቴ የሺ ወሬውን ያልነገረችው ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው። የቀረኝ የጤና ምርመራ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ራጅ ተነሥቼ ደረቴ ንጹህ ነው የሚል ፊርማ። ሰኞ ጠዋት ደሴ ላይ ስሜ ሲጠራ ወረቀቱን ይዤ ካልተገኘሁ ቦታዬን ተጠባባቂ ይወስደዋል። አውቶቡሱ ቅዳሜ ማለዳ ነው የሚነሣው። እኔ ደግሞ ራጁን ዓርብ ላይ ቀጠርኩት፤ ምን ቸገረኝ፣ እንደ ድንጋይ ጤነኛ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታችን እትዬ መይሙና ሹሩባ ልትሠራኝ መጣች። እትዬ መይሙና የሠራችው ሹሩባ ወር ቢቆይ ንቅንቅ አይልም። ለጋ ቅቤ በጣሳ ይዛ መጥታ ግማሽ ቀን አናቴ ላይ ቆመች። «እትዬ በቃ፣ ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ እኮ» ስላት «ዝም በይ! ደሴ እኮ ነው የምትሄጂው። የቆቦ ልጅ ፀጉሯ ደርቆ መጣች ይበሉን?» ብላ ጨመረችበት። ሹሩባዬ እንደ ገመድ ወፍሮ፣ ቅቤ ጠጥቶ ትከሻዬ ላይ ወረደ። ወላሂ አማርሽ አለችኝ፤ እውነትም አምሮብኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከእናቴ ጋር ክሊኒክ ሄድን። ወረፋው በር አልፎ ዛፉ ሥር ደርሷል። ተራዬ ሲደርስ ካሳው «ብር፣ መስቀል፣ የፀጉር ወለባ፣ ብረት ነገር ሁሉ አውልቂ» አለኝ፤ አወለቅሁ። «ልብስሽንም ከወገብ በላይ» ሲለኝ ግን ዓይኔ ፈጠጠ። የራያ ልጅ ወንድ ፊት ትከሻዋን ልታራቁት! እሱም ለምዶታል መሰለኝ፣ ምንም አልተከራከረኝም። «ግድ የለም፣ ነጠላሽን ተከናነቢ፤ ጥጥ ጨረሩን አያግደውም። እማማ የሺ፣ ደረቷን ሰሌዳው ላይ ያስደግፏት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ከነነጠላዬ አቆመችኝ። ትንፋሽ ሳቢ አለ፣ ሳብኩ፤ ያዢ አለ፣ ያዝኩ። ማሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ጓ አለ፤ አለቀ።

ፊልሙን የሚያነበው የክሊኒኩ ኃላፊ ጤና መኮንን ተሾመ ነው። ተሾመ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንዴ የፈረመውን መሰረዝ ግን ሞቱ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ አስጠራን። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዞ በእስክሪብቶው ጫፍ ከሳንባዬ አናት ላይ፣ ከግራም ከቀኝም የወረደ ነጭ ዥንጉርጉር ነገር አሳየን። «አዝናለሁ እማማ የሺ» አለ። «ይሄ ሳንባ ነቀርሳ ነው የሚመስለው። አክታዋን ወልድያ እንልካለን፤ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይመጣል። ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ መድኃኒት ትወስዳለች። ደሴን ለጊዜው እርሱት።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረች። ያን ጊዜ ነቀርሳ ያለባት የተባለች ልጅ ማሠልጠኛውን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ ጎረቤት ብርጭቆዋን ይለይባታል፣ የሚያገባት አይገኝም። እኔ ግን ከማልቀሴ በፊት ተናደድኩ። ፊልሙን ከተሾመ እጅ መንጭቄ ቀጥታ ራጅ ክፍል ገባሁ።

«የታመመው ማሽንህ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት ካሳው ላይ። «እኔን አስሎኝ አያውቅም! አተኩሶኝ አያውቅም! ይሄ አሮጌ ብረትህ ነው በሽታ የለጠፈብኝ!»

ካሳው አልተቆጣም። ፊልሙን ተቀብሎ መብራቱ ላይ ሰቀለውና አየው። ወደ ጎን ዞር ብሎ ክንዱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳለ። «የጄኔሬተሩ ጭስ ነው» አለና ተመልሶ አየው። ከዚያ ጣቱን ዥንጉርጉሩ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ይከተለው ጀመር፤ ከሳንባው አለፈ፣ ከትከሻ አጥንቴ አለፈ፣ አንገቴ ጋ ደረሰ።

«ታንጉት፣ ሳንባ እስከ ጆሮ ድረስ ይሄዳል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አይሄድም። ነቀርሳ ከሳንባ ወጥቶ አንገት ላይ አይንጠለጠልም። ይሄ ነገር ከውጭ ነው።» ቀረብ ብሎ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና ፊቱ በራ። «ለጋ ቅቤ! ነጠላሽን እስቲ ግለጪው።» ገለጥኩት። እነዚያ እንደ ገመድ የወፈሩ፣ ቅቤ የጠጡ ሹሩባዎች ግራና ቀኝ ትከሻዬ ላይ ተጋድመዋል። ካሳው ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «አይ እኔ! ብረት አውልቂ ብዬ፣ በወለባሽ ላይ ተጨንቄ፣ ይሄን ሁሉ ቅቤ ነጠላ ውስጥ ትቼው! ጨረሩ ጥጡን አልፎ ሹሩባው ላይ ተያዘ እኮ!»

ፊልሙን ይዞ ወደ ተሾመ ሮጠ፤ እኔም ከኋላው። ነገሩን አስረዳው። ተሾመ መነጽሩን አውልቆ አየን። «አንተ አንሣ፣ ማንበቡን ለእኔ ተውልኝ። ከመቼ ወዲህ ነው ፀጉር ሳንባ ውስጥ የሚበቅለው?» አለ። ካሳው «እንደገና ላንሣት» ቢለው «ስንት ፊልም ነው የቀረን?» ብሎ ጠየቀው። ሦስት ነበር የቀረው። «እነሱ ለተሰበረ፣ ለተወጋ ሰው ናቸው። እስከ ኅዳር ሌላ አይመጣም። ፈርሜያለሁ፣ አክታዋ ይላክ» አለና ሌላ በሽተኛ ጠራ። እውነቱን ለመናገር ስለ ፊልሙ ልክ ነበር። ያን ዕለት ግን ቢያንቀው እጄ ደስ ባለው።

ካሳው ወደ ክፍሉ ተመልሶ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍቶ ቆመ። ከዚያ ከውስጡ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን አወጣ። ላዩ ላይ በእጅ ጽሑፉ «ካሳው» ይላል። የራጅ ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ የራሱን ደረት ይነሣል፤ ደንቡ ነው፣ ፊልሙም ለብቻው ይቀመጥለታል። «ይቺን ተሾመ አያዝባትም» አለኝ። «የኔ ናት። ጄኔሬተሩ አሥር ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ አሁን ዘጠኝ ሆኗል። ሂጂ፣ ፀጉርሽን ፍቺው። ቅቤውንም ትከሻሽ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትቀር ታጠቢው።»

እናቴ እትዬ መይሙናን ከቤቷ እየጎተተች አመጣቻት። «ያ አላህ! ግማሽ ቀን ቆሜ የሠራሁትን?» ብላ ጮኸች። ነገሩ ሲገባት ግን ደረቷን መታች። «እንዲያ በሉኝ! ታዲያ በሽታው እኔ ነኝ? አልሐምዱሊላህ፣ በሽታው እኔው ልሁን!» ብላ ሹሩባዬን እየተረተረች ትፈታው ጀመር። ክሊኒኩ ግቢ ቧንቧው ሥር አጎንብሼ፣ ሁለቱ ሴቶች በሳሙና እየፈተጉኝ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው እየሳቀ፣ እኔ እያለቀስኩ ያ ሁሉ ቅቤ ታጥቦ ሄደ። ፀጉሬን አናቴ ላይ በፋሻ ጠቅልለው አሰሩልኝ።

እየሮጥኩ ስገባ ካሳው ምን ይለኛል? «ቁጭ በይ። ፍሬኑ ይቀዝቅዝ።»

«ጋሼ ካሳው፣ አብደሃል? አርባ ደቂቃ ነው የቀረኝ!»

«የአንድ ወፍራም ሰው ዳሌ አንሥቼ ነው የጨረስኩት። ዳሌ ያግላታል። አሁን ብነካት ትሰነጠቃለች፤ ያኔ አንቺም የለሽ፣ እሷም የለች።» ወረቀት ሳበና ይስል ጀመር። «ባይሆን አስተማሪ ልትሆኚ ነው፤ ተማሪ። እዚህ ብረት ቤት ውስጥ የመስታወት ቱቦ አለ። አየር እንኳን የለውም፣ ተመጥጦ ወጥቷል። በዚህ ጫፍ እንደ አምፖል ክር ያለ ቀጭን ሽቦ ነው ያለው። ሲግል፣ ከድስት እንፋሎት እንደሚነሣ ኤሌክትሮን ይነሣበታል። በዚያኛው ጫፍ ቱንግስተን የሚባል ብረት አለ፤ በዋዛ አይቀልጥም። ከዚያ እኔ በሁለቱ መካከል ስድሳ ሰባ ሺህ ቮልት እሰጣለሁ። ኤሌክትሮኖቹ በዚያ ጉልበት ተስበው ይበራሉ። የሚይዛቸው አየር የለም። የግራ ካሕሱ ቁልቁለት በይው። ይወርዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ ብረቱ ጋ ሲደርሱ...» ጠረጴዛውን በመዳፉ ጓ አደረገው። «ፍሬን!»

ደነገጥኩ።

«ድንገት ሲቆሙ ያ ሁሉ ጉልበት የት ይግባ? አዲስ አበባ አስተማሪያችን የፍሬን ጨረር ይባላል ሲለን ብድግ ብዬ "እኔ ይሄን አውቀዋለሁ!" አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ግን እኮ አውቀው ነበር፤ ስድስት ዓመት ጭሱን ስስበው ኖሬያለሁ። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንዷ ብቻ ናት ጨረር የምትሆነው። ሥጋሽን አልፋ ፊልሙ ላይ የምታርፈው እሷ ናት። ያለፈችበት ይጠቁራል፣ የታገደችበት ይነጣል። ሳንባሽ አየር ነው፤ ይጠቁራል። አጥንትሽ ይነጣል። የእትዬ መይሙና ቅቤም ይነጣል።»

«ለአንዷ ብለህ ዘጠና ዘጠኝ ታቃጥላለህ?»

በሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቀበሌ ስብሰባ ገብተሽ አታውቂም?»

በእንባዬ መሀል ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበትና ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ እኔ ስለ ራሴ እንጂ ስለ ሰው ሳል የማስብበት ልብ አልነበረኝም።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተነሥቶ የብረቱን ቤት በመዳፉ ዳሰሰው፤ ቀዝቅዟል። ራሱን ነቀነቀ። «ቀጭን ስለሆንሽ ቮልቱን ዝቅ አደርገዋለሁ። ካበዛሁት ሁሉንም ጥሶ ፊልሙን ያጠቁረዋል፤ ካሳነስኩት ቆዳሽ ላይ ይቀራል። ብዛቱን ደግሞ የሽቦው ግለት ነው የሚወስነው» እያለ ቁልፎቹን አዞረ። እናቴ ያለ ነጠላ አቆመችኝ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ትንፋሽ ሳቢ። ያዢ።» ያዝኩ። ሕይወቴን በሙሉ እዚያ ትንፋሽ ውስጥ ነበር የያዝኩት። ጓ አለ። ከዚያ ጨለማው ክፍል ገባና እኔና እናቴ በሩ ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ገና አልወጣም ነበር።

ሲወጣ ውሃው የሚንጠባጠብ ፊልም በብረት መያዣው አንጠልጥሏል። ወደ እኛ እንኳን አላየም፤ ቀጥታ ተሾመ ቢሮ ገባ። እኛ በሩ ጋ ቆምን።

«የዓመት ፊልሜን አንሥቻለሁ። አንብብልኝ» አለው።

ተሾመ ተቀብሎ መስኮቱ ላይ ያዘው። አንድ ጊዜ አየ፣ ደገመ። «ንጹህ ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ ሳንባ ዓመቱን ሙሉ አላየሁም። ግን ካሳው፣ ምን ነካህ? እንዲህ ከስተሃል? ትከሻህ የት ሄደ?»

«የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የሷ። ፀጉሯን ፈትተን፣ ታጥባ።»

ተሾመ አየኝ። አናቴ ላይ የተጠቀለለውን ፋሻ፣ ጉንጬ ላይ የቀረውን የሳሙና አረፋ አየ። የጠዋቱን ፊልም ከማኅደሩ አውጥቶ ከአዲሱ ጎን ያዘው። ሁለቱን እያፈራረቀ ሲያይ ቆየ። እኔ ትንፋሼን እንደገና ይዣለሁ። ድንገት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። «በቅቤ! እኔ ተሾመ፣ በቅቤ ልታለል!» አለ። ከዚያ ወረቀቱን ስቦ፣ የቀድሞውን ፊርማ በሁለት መሥመር ሰርዞ አዲስ ፈረመልኝ። እናቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል «የካሳውን ይያዙ እማማ፣ እኔማ ልጅቷን ላስቀራት ነበር» አላት። ካሳው ግን ማሽኗን ሊሸፍን ሄዶ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ፀጉሬን ነስንሼ፣ እንደ እብድ ሆኜ ወደ ደሴ ተሳፈርኩ። እትዬ መይሙና ከሩቅ እያየች «ውይ ውርደቴ!» ትላለች። ሰኞ ጠዋት ስሜ ሲጠራ «አለሁ!» ያልኩት ጩኸት ግቢውን ሳያልፍ አልቀረም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ባማረ። ጥር ላይ እናቴ ያስጻፈችው ደብዳቤ ደረሰኝ። የሰፈሩን ሰላም፣ የማሽላውን አያያዝ፣ የላሟን መውለድ ዘርዝራ መጨረሻው ላይ እንዲህ ትላለች፦ «ካሳው ሳሉ ጠንቶበታል፤ ከስቷል። ራጅ ተነሣ ብንለው ፊልም ሲመጣ ለበሽተኛ ነው፣ የኔ የዘንድሮው አልፏል ይለናል።»

ለካ ያን ዕለት ሲስል የጄኔሬተር ጭስ አልነበረም። ለካ መሳቢያውን ከፍቶ የቆመው ያችን ፊልም ለራሱ ሲጠብቃት ኖሮ ነው። በራሱ ደረት የሚፈራውን እያወቀ ነው ለእኔ ደረት የሰጣት። እዚያው አልጋዬ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ወልድያ ሄዶ ቢነሣ ምን ነበረበት? በኋላ ስጠይቀው «ነቀርሳ ቢሉኝ ከሥራ ያወጡኛል። እሷን ማን ያቀዘቅዝልኛል?» አለኝ። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው! ለማሽን ያዝናል፣ ለራሱ አያዝንም።

ደሴ ላይ ከካሳው ጋር አዲስ አበባ አብሮ የተማረ የራጅ ሠራተኛ አፈላልጌ አገኘሁ። ነገሩን ስነግረው ጨለማው ክፍል ገብቶ አንድ ፊልም በጥቁር ወረቀት ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ፣ በካርቶን አሽጎ ሰጠኝ። «ብርሃን እንዳታሳዪው» አለኝ፤ ያን ያህል ብቻ።

የየካቲት ዕረፍት ሲመጣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ ታቅፌ ተሳፈርኩ። አንድ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፤ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ያኔ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ መገኘት ቀልድ አልነበረም። ጠመንጃ ያነገተው ጠባቂ ካርቶኑን ነካ ነካ አደረገ።

«ምንድን ነው?»

«ፊልም ነው።»

«ክፈቺው።»

«አይከፈትም። ብርሃን ካየ ይበላሻል።»

«ውስጡ ምን አለበት?»

«ምንም።»

«ምንም ከሌለበት ምን ያስፈራሻል?»

«አሁን ምንም የለበትም! የሰው ሳንባ ሊነሣበት ነው! እዚህ ከከፈትከው ሰውየውን ገደልከው ማለት ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ ምኑም ሳይታየኝ ስለ ቱቦው፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ቱንግስተኑ፣ ስለ ሰባ ሺሁ ቮልት አወርድበት ጀመር። ኤሌክትሮኖቹ ድንገት ፍሬን ሲይዙ ስል የአውቶቡሱ ሾፌር ጣልቃ ገብቶ «እውነቷን ነው ጓድ፣ ፍሬን ያግላል» አለው። ተሳፋሪው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ጠባቂው አንዴ እኔን፣ አንዴ ሾፌሩን አየና «ይሄን ሁሉ ፈጥሮ የሚዋሽ ሰው የለም። ሂጂ» አለኝ።

ቆቦ ስደርስ ቤቴ አልሄድኩም። ካሳው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፍሬን እያቀዘቀዘ ነበር። አንገቱ ቀጥኗል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ካርቶኑን ፊቱ ዘረጋሁለት። ላዩ ላይ በትልቁ «ካሳው» ብዬ ጽፌበታለሁ።

«ምንድን ነው?»

«የዓመት ፊልምህ። ተነሥ፣ ሸሚዝህን አውልቅ» አልኩት። «ደግሞ እንቢ በለኝና ቆቦን በጩኸት አናውጣታለሁ!»

ተሾመን ጠራሁት፤ እየሮጠ መጣ። ካሳው ጨለማው ክፍል ገብቶ ፊልሙን መያዣው ውስጥ ከትቶ አመጣ፣ ቁልፎቹን አስተካከለ፤ የምጫነውንም አሳየኝ፦ «መጀመሪያ ግማሹን፣ ሽቦው ይጋል። ከዚያ እስከ ታች።» ሄዶ ደረቱን ሰሌዳው ላይ አስደገፈ። እኔ ጨረሩን ከሚያግደው የእርሳስ ጋሻ ኋላ ቆምኩ።

«ትንፋሽ ሳብ» አልኩ። «ያዝ። እንዳትነቃነቅ።»

አልቻለም። ያ ሁሉ ዓመት ሰውን እንዳትነቃነቅ ሲል የኖረ ሰው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳበ፣ ለቀቀ፤ ደግሞ ሳበ፣ ለቀቀ። «ታንጉት፣ አልሆነልኝም» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ንዴቴ ሁሉ የት እንደሄደ እንጃ።

«ግድ የለም ጋሼ ካሳው» አልኩት። «ፍሬኑ ይቀዝቅዝ። እንጠብቃለን።»

ጠበቅን። ጄኔሬተሩ ውጭ ይንተከተካል፤ ተሾመ እንኳን ሰዓቱን አላየም። ቀስ በቀስ ትከሻው ወረደ፣ ረጋ። «አሁን» አለ ራሱ። ትንፋሹን ሳበ፣ ያዘ፤ እኔም ግማሹን ተጫንኩ፣ ከዚያ እስከ ታች።

ፊልሙን ያጠበው እሱ ነው፤ ይዞት ሲወጣ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ለተሾመ ሰጠው። ተሾመ መስኮቱ ላይ ያዘው። ይህን ያህል ጊዜ አንድ ፊልም ሲያይ አይቼው አላውቅም። በመጨረሻ ዞሮ እኔን «እርግጠኛ ነሽ የሱ ነው? እንደ ባለፈው የሌላ ሰው አምጥታችሁ እንዳትሸውዱኝ!» አለኝ።

«የሱ ነው! ተናገራ!»

«ንጹህ ነው። ይሄ ሳል የፊልም ማጠቢያው መድኃኒትና የናፍጣው ጭስ ነው፣ ክሳቱም ጭንቀት ነው፤ ለጨለማው ክፍል የአየር መውጫ እናበጅለታለን፣ ጄኔሬተሩንም ወደዚያ እንወስደዋለን። ሰውየው ጤነኛ ነው!»

ካሳው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሳቀ፣ ሳለ፣ አለቀሰ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። እኔ ግን «አንተ ቂል! ሞተህ ቢሆንስ?» እያልኩ እሰድበዋለሁ፣ እያቀፍኩት። በማግሥቱ እትዬ መይሙና ጣሳዋን ይዛ መጣች፤ የዚያን ጊዜውን እጥፍ ቅቤ አናቴ ላይ አፈሰሰችና ተበቀለችኝ።

ዋጃ ላይ ለብዙ ዓመት ሳይንስ አስተማርኩ። የራጅ ትምህርት ሲደርስ ያችን የካሳውን ፊልም ክፍል ይዣት እገባለሁ፤ እሱ ራሱ ነው የሰጠኝ። ቱቦውን እስላለሁ፣ ሽቦውን አግላለሁ፣ ግራ ካሕሱን አስወርዳቸዋለሁ፣ ጠረጴዛውን ጓ አደርገዋለሁ። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ሙቀት ሆኖ ይቀራል ስላቸው ሁልጊዜ አንድ ልጅ እጁን ያወጣል፦ «መምህርት፣ አንዷስ የት ሄደች?» ፊልሟን መስኮቱ ላይ እይዝና «ይቺውላችሁ» እላቸዋለሁ።